አጎቴን ያገኘሁት አውሮፕላኑን ስፈልግ ነው

ይህን የምጽፈው በጦር ሜዳ ደብዛው የጠፋ ወገን ላላቸው ቤተሰቦች፣ በተለይም የጠፋው ሰው የጦር አውሮፕላን አብራሪ ለሆነባቸው ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም በኢትዮጵያና በሶማሊያ ጦርነት ወቅት የኤፍ-5 ተዋጊ ጄት አብራሪ ነበር፤ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ለግዳጅ ተነሥቶ አልተመለሰም። ከዚያች ዕለት በኋላ ቤተሰባችን ከአርባ ዓመት በላይ «ሞተ» ብሎ ሳያለቅስ፣ «አለ» ብሎም ሳይጽናና ኖሯል። ዛሬ የት እንደወደቀ፣ እንዴት እንደሞተና እነማን እንደቀበሩት እናውቃለን። ይህን ለማወቅ የዘገየነው ለረጅም ጊዜ ሰውየውን ብቻ ስንፈልግ ስለኖርን ነው። ሰው ሲጠፋ በተስፋ፣ በወሬና በሕልም ይፈለጋል፤ አውሮፕላን ግን ቁጥር አለው፣ መዝገብ አለው፣ አሰናድቶ የላከው ሠራተኛ አለው፣ ከወደቀም በኋላ ብረቱ ለብዙ ዘመን መሬት ላይ ይቆያል። የእኛ ፍለጋ የተቃናው ጥያቄያችንን ከአጎቴ ወደ አውሮፕላኑ ያዞርን ጊዜ ነው።

አጎቴ ያደገው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። በፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተምሮ እንደጨረሰ ለአየር ኃይል ዕጩ መኮንንነት ተመልምሎ ደብረ ዘይት ገባ፤ የጄት ሥልጠናውንም አሪዞና በሚገኘው የዊሊያምስ አየር ኃይል ሰፈር አጠናቅቆ ተመለሰ። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን በሙሉ ኃይሉ ሲወርና እነ ጎዴ በፍጥነት ሲወድቁ፣ ወረራውን ከአየር የማዘግየቱ ትልቅ ሸክም ያረፈው ቁጥራቸው እጅግ አነስተኛ በነበረው የኤፍ-5 አብራሪዎችና በምድር ሠራተኞቻቸው ላይ ነበር። ጅጅጋ በመስከረም 1970 መጀመሪያ ተያዘች፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. በካራማራ ድል እስክትመለስ ድረስም በጠላት እጅ ቆየች። አጎቴ ያን ድል አላየም። ለአያቴ የደረሳት ደብዳቤ «በግዳጅ ላይ እንዳለ የደረሰበት አልታወቀም» የሚል ነበር።

በእኛ አገር ሞት የሚጸናው በመርዶ ነው። መርዶ ነጋሪዎች ጎሕ ሲቀድ በር ካላንኳኩ ለቅሶ አይቀመጡም፤ ፍታት አይፈታም፤ ተዝካር አይወጣም። አያቴን ሁላችንም «እምዬ» እንላት ነበር፤ «መርዶውን ሳልሰማ ልጄን በአፌ አልቀብረውም» ብላ ደብዳቤውን ከሣጥኗ ሥር አኖረችው። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ወደ ክብራን ገብርኤል ስለት ትልክ ነበር፤ ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ ዕጣኑንና ጧፉን ይዘው ጣናን የሚሻገሩት የሰፈሩ ወንዶች ነበሩ። እናቴ ደግሞ የወንድሟን ልብስ በየክረምቱ መጨረሻ እያወጣች ፀሐይ ታሰጣው ነበር። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ሰው መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያደክም ይገባዋል። የማያውቁ ሰዎች «ተስፋ ጥሩ ነው» ይላሉ፤ እኔ ግን የጠፋ ሰው ተስፋ እናቶችን ከውስጥ ሲጨርስ አይቻለሁ።

ተስፋውን ደግሞ የሚያጸና ነገር አልጠፋም። በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሶማሊያ ከተስማሙ በኋላ በዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ አማካይነት ከሦስት ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ምርኮኞች ወደ አገራቸው ተመለሱ። ስመ ጥሩው የኤፍ-5 አብራሪ ለገሠ ተፈራም ከ11 ዓመት ምርኮ በኋላ አገሩ የገባው በዚያው ዓመት ነበር። ይህ ወሬ ባሕር ዳር ሲደርስ ሰፈሩ በሙሉ እምዬን እንኳን ደስ ያለሽ ሊላት መጣ፤ አንድ አብራሪ ከ11 ዓመት በኋላ ከተመለሰ ሌላውም የማይመለስበት ምክንያት አልነበረም። አጎቴ ግን ከተመለሱት መካከል አልነበረም። ከዚያ በኋላ የሚደርሱን ወሬዎች በዙ፤ አንዱ ሞቃዲሾ ታስሯል ይላል፣ ሌላው ትዳር ይዞ ኬንያ ገብቷል ይላል።

ከእነዚህ ወሬዎች ሁሉ የከፋ ጉዳት ያደረሰብን ምርኮኛ ነበርኩ ብሎ የመጣ አንድ ሰው ነው። አጎቴን በእስር ቤት አየሁት፣ እግሩ ተጎድቷል፣ መልእክት ሰጥቶኛል አለን፤ መልእክቱን የሚያስገኝ ሰው ድንበር ላይ አለ ብሎም ገንዘብ ጠየቀ። ቤተሰቡ ላም ሸጦ ሰጠው። ሰውየው ስለ አጎቴ የተናገረው ነገር ሁሉ እኛው አስቀድመን የነገርነው እንደነበረ የተገነዘብነው ከዓመታት በኋላ ነው። ገና በሩ ላይ ሳለ ፎቶውን አሳይተነው፣ ስሙን ነግረነው፣ ማዕረጉን ጠቅሰንለት ነበር። ስለዚህ ይህን ምክር ከሁሉ አስቀድሜ እሰጣለሁ፦ ምስክር ሲመጣ ፎቶ አታሳዩ፤ ስም አትጥሩ፤ መጀመሪያ እሱ ያየውን ሰው መልክ፣ የአነጋገር ዘዬ፣ የትውልድ አገርና የሙያ ዝርዝር ይንገራችሁ። የምትጽፉትም እሱ ያለውን በራሱ ቃል ይሁን። ከዚያ በኋላ ፎቶ ማሳየት ካስፈለገ በዕድሜና በልብስ ከሚመሳሰሉ ከሌሎች ሰዎች ፎቶ ጋር ቀላቅላችሁ አቅርቡለት። እውነተኛ ምስክር በዚህ አይከፋም፤ ገንዘብ የሚያስቀድም ሰው ግን ወዲያው ይቆጣል።

እምዬ ካረፈች በኋላ ፍለጋው በእኔ እጅ ወደቀ። የመጀመሪያው የተደራጀ እርምጃዬ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ባሕር ዳር ወዳለው ጽሕፈት ቤት ሄጄ የጠፋ ሰው ፍለጋ ቅጽ መሙላት ነበር። ይህ አገልግሎት ክፍያ የለውም፤ ጥያቄው የጦርነት ምርኮኞችንና የጠፉ ሰዎችን መዝገብ ወደሚይዘው ጄኔቫ ወዳለው የቀይ መስቀል ማዕከላዊ የፍለጋ ድርጅት ይደርሳል። በ1949 እ.ኤ.አ. በተፈረመው በሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት መሠረት አንድ ምርኮኛ ማቆያ በገባ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለቤተሰቡና ለዚሁ ድርጅት የምርኮ ካርድ የመጻፍ መብት አለው፤ ሶማሊያም ኢትዮጵያም ከጦርነቱ በፊት ይህን ስምምነት ተቀብለው ነበር። ቅጹን ስትሞሉ ስሙን ከአባትና ከአያት ስም ጋር ጻፉ፤ የእናቱንም ስም አትርሱ፤ በላቲን ፊደል ሊጻፍ የሚችልባቸውን መንገዶች ሁሉ ዘርዝሩ፤ የውጭ ሰው የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚመዘግብ የሁለቱን ቅደም ተከተል ገልብጣችሁም አስፈልጉ።

ወራት ቆይቶ የመጣልን መልስ በዚያ ስም የተመዘገበ ምርኮኛ አልተገኘም የሚል ነበር። እናቴ ይህን እንደ መርዶ ልትቆጥረው ፈለገች፤ እኔ ግን ከለከልኳት። በመዝገብ አለመኖር ለብቻው የሞት ማስረጃ አይሆንም፤ ምርኮኛን ሳያስመዘግብ የሚደብቅ መንግሥት ይኖራል፣ ከመመዝገቡ በፊት የሚሞት ቁስለኛም ይኖራል። በሌላ በኩል፣ የዚያድ ባሬ መንግሥት በጥር 1983 ሲወድቅ ሞቃዲሾ የነበሩት መዛግብት ብዙዎቹ ስለጠፉ ከዚያ ወገን ሰነድ ይመጣል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። በዚህ ጊዜ መንገዱ የተዘጋ መሰለኝ፤ ለረጅም ጊዜም ምንም ሳላደርግ ተቀመጥኩ።

መንገዱን የከፈተው የካራማራ ድል መታሰቢያ ዕለት ከቀድሞ ሠራዊት አባላት ጋር የተገናኘሁበት ስብሰባ ነው። እኔ ስጠይቅ የኖርኩት አብራሪዎችን ነበር፤ አብዛኞቹ አርፈዋል ወይም ባሕር ማዶ ናቸው። አንድ አረጋዊ ግን ጠጋ ብለው «ልጄ፣ አብራሪ ምን ያውቃል? ተነሥቶ ይሄዳል። የምድር ሠራተኛውን ጠይቅ፤ አውሮፕላኑ ሳይመለስ ሲቀር ሜዳ ላይ ቆሞ የሚቀረው እሱ ነው» አሉኝ። በእሳቸው ጠቋሚነት አጎቴ በነበረበት ስኳድሮን የሠሩ፣ በሻምበል ባሻ ማዕረግ ጡረታ የወጡ ቴክኒሺያን አገኘሁ። እኒህ ሰው አጎቴን ለመጨረሻ ጊዜ መቀመጫው ላይ አመቻችተው፣ ቀበቶውን አስረው፣ መሰላሉን ያነሡለት ሰው ነበሩ።

ሻምበል ባሻ ከሁሉ በፊት የነገሩኝ የአጎቴን ጠባይ አልነበረም፤ የአውሮፕላኑን የጅራት ቁጥር ነበር። ቀጥለው የጫነውን ትጥቅ፣ ከየትኛው ሜዳ እንደተነሣ፣ የትኛው ሞተር ከጥቂት ቀን በፊት እንደተለወጠ ተናገሩ። ጄቶቹ የሚወጡት ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለነበር አብሮት የወጣውን አብራሪ ስምም ነገሩኝ፤ ያ አብራሪ ተመልሶ ያቀረበውን ዘገባ በጆሯቸው ሰምተዋል። የሜካናይዝድ ሰልፍ ሲመቱ ከምድር በተተኮሰ የአየር መቃወሚያ የአጎቴ አውሮፕላን ተመትቶ ጭስ እየተፋ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዝቅ ብሏል፤ ከኮረብታ ጀርባ ከተሰወረ በኋላ ፓራሹት አልታየም። ቤተሰባችን አርባ ዓመት ያልሰማውን ነገር አንድ ቴክኒሺያን ሻይ ሳይቀዘቅዝ ነገሩኝ፤ እስከዚያች ቀን ድረስ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። የጠፋ አብራሪ ያላችሁ ሁሉ ቴክኒሺያኖችን፣ የትጥቅ ሠራተኞችን፣ የሬዲዮ ኦፕሬተሮችንና የሜዳ ተቆጣጣሪዎችን ፈልጉ። የጅራት ቁጥር ካገኛችሁ ከዚያ በኋላ ለአየር ኃይል የምታቀርቡት ጥያቄ ከ«ወንድማችን የት ደረሰ» ይልቅ «ይህ ቁጥር ያለው አውሮፕላን ከመዝገብ የተሰረዘው በየትኛው ቀንና በምን ምክንያት ነው» የሚል ይሁን፤ ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ መስጠት ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ እጅግ ይቀለዋል።

እዚህ ላይ ስለ ቀንና ሰዓት በሰፊው መናገር እፈልጋለሁ፤ ብዙ ፍለጋ የሚበላሸው በዚህ ነውና። የውጭ አገር የአቪዬሽን ተመራማሪዎች የጠፉ አውሮፕላኖችን ዝርዝር ሲያወጡ የሚጽፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በዚያ አቆጣጠር የ1977 ሴፕቴምበር በእኛ ከነሐሴ 26 ቀን 1969 እስከ መስከረም 20 ቀን 1970 ይዘልቃል፤ ማለትም አንዱ ወር የእኛን ነሐሴ፣ ጳጉሜንና መስከረም ነክቶ በሁለት ዓመተ ምሕረት ላይ ይወድቃል። ጅጅጋ የተያዘችው በዚህ መካከል ስለሆነ የጥቂት ቀን ስሕተት የጦር ግንባሩን በሙሉ ይለውጠዋል፤ ከጳጉሜን በፊት የወደቀ አውሮፕላን በወገን መሬት ላይ ሊሆን ሲችል ከመስከረም አጋማሽ በኋላ የወደቀው በጠላት እጅ በገባ አካባቢ ይሆናል። ለአያቴ በተጻፈው ደብዳቤ ራስጌ ላይ ያለው ቀን ደብዳቤው የወጣበት እንጂ አጎቴ የጠፋበት አልነበረም፤ ቤተሰቡ ግን ያንን ቀን እንደ ዕለተ ሞቱ ይዞት ኖሯል። ሰዓትም እንዲሁ ነው። በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በውጭው አቆጣጠር 10 ሰዓት ነው፤ በአቪዬሽን ዓለም በሚሠራበት የግሪኒች ሰዓት ደግሞ 7 ይሆናል። ያገኛችሁትን ቀንና ሰዓት ሁሉ በሦስቱም መንገድ ጎን ለጎን ጻፉ፤ ከየትኛው ሰነድ እንደተገኘም አጠገቡ አስፍሩ።

ስለ ውጭ ዝርዝሮች አንድ ነገር ልጨምር። አንዱ ከሌላው ስለሚገለብጥ አሥር ቦታ የተጻፈ ነገር አሥር ምስክር አለው ማለት አይደለም። በጦርነቱ ጊዜ የሁለቱም አገር ሬዲዮ የጣለውን አውሮፕላን ያበዛ ነበር፤ የጠፋበትን ያሳንስ ነበር። በአንድ ዝርዝር ላይ የአጎቴ አውሮፕላን ሚግ በተባለው የሶቪየት ሥሪት ተዋጊ ጄት እንደተመታ ተጽፎ አይቻለሁ፤ የምድር ሠራተኛውና የአጋሩ አብራሪ ምስክርነት ግን ከምድር በተተኮሰ እንደሆነ አንድ ላይ ይመሰክራል። ለእኔ የሚበልጠው በቦታው የነበረ ሰው ቃል ነው።

የቀረው ስብርባሪውን ማግኘት ነበር። ሻምበል ባሻ ከጠቆሙት አቅጣጫ ተነሥተን ከጅጅጋ ወደ ደጋሀቡር በሚወስደው መንገድ አካባቢ የሚኖሩ ሰዎችን በስልክ ማጠያየቅ ጀመርን። በዚያ አካባቢ ያስተማረ አንድ የባሕር ዳር ልጅ ብዙ ረዳን፤ የአካባቢው ሰዎች የወደቀ አውሮፕላን ብረት ያለበትን ቦታ አሳይተውት ፎቶ አንሥቶ ላከልን። እናቴ ፎቶውን እቅፍ አድርጋ አለቀሰች። እኔም አልቅሼ ነበር፤ ሻምበል ባሻ ግን ፎቶውን አንድ ጊዜ አይተው «ይህ የእኛ አይደለም» አሉ።

ምክንያታቸውን እንደነገሩኝ አስቀምጠዋለሁ፤ ለብዙ ቤተሰብ ይጠቅማል። ኤፍ-5 ሁለት ትንንሽ ሞተሮች ጎን ለጎን አሉት፤ እያንዳንዱ ርዝመቱ ከሦስት ሜትር በታች ነው፣ ውፍረቱም አንድ ሰው በክንዱ ሊያቅፈው የሚችል ነው። በፎቶው ላይ የነበረው ግን ከአራት ሜትር የሚበልጥ አንድ ሞተር ነበር፤ ይህ የሚግ-21 ነው። የኤፍ-5 መድፎች ሁለት ሲሆኑ አፍንጫው ላይ ይቀመጣሉ፣ ጥይታቸውም 20 ሚሊሜትር ነው፤ የሚግ-21 መድፍ ባለ 23 ሚሊሜትር ሆኖ ከሆዱ ሥር ነው። በየክፍሉ ላይ የሚለጠፉት ትንንሽ የብረት ሰሌዳዎች ጽሑፍም ይለያል፤ የአሜሪካው በላቲን፣ የሶቪየቱ በሩስያ ፊደል ነው። ይሁን እንጂ የሩስያ ፊደል ያየ ሁሉ የሶማሊያ አውሮፕላን ነው ብሎ እንዳይደመድም፤ ሶቪየት ኅብረት ከኅዳር 1970 ጀምሮ ለኢትዮጵያ መሣሪያ በገፍ ስታስገባ ሚጎችም አብረው መጥተዋል። አንድ ሞተር ያለው ሁሉም ሚግ አይደለም፤ በዚያ ዘመን አየር ኃይላችን ኤፍ-86 እና ቲ-33 የተባሉ ባለ አንድ ሞተር የአሜሪካ ጄቶችም ነበሩት። ያ ፎቶ የሌላ እናት ልጅ የወደቀበት ነው፤ ቦታውን መዝግበን ይዘነዋል።

ሁለተኛው ቦታ የተገኘው ከዚያ ራቅ ብሎ ነው፤ በዚህ ጊዜ እኔው ራሴ ሄድኩ። ወደዚያ የምትሄዱ ሰዎች አስቀድማችሁ ለወረዳው አስተዳደርና ለጸጥታ አካላት አሳውቁ፤ የአካባቢውን ቋንቋና ጎሣ የሚያውቅ፣ ሽማግሌዎች የሚያከብሩት አስተርጓሚ ያዙ። ከሁሉ በላይ ብረቱን አትንኩ። ያልፈነዳ የመድፍ ጥይት፣ ሮኬት፣ ከጦርነቱ የተረፈ ፈንጂም በአካባቢው ሊኖር ይችላል፤ የአብራሪው መቀመጫ ራሱ ሰውን ወደ ላይ የሚያስፈነጥር ባሩድ ያለው ስለሆነ ካልተተኮሰ ከብዙ ዓመት በኋላም ይገድላል። በርቀት ፎቶ አንሡ፤ መጠኑን ለማሳየት ሜትር ወይም ዱላ አጠገቡ አስቀምጡ፤ የቦታውን የካርታ መጋጠሚያ (ጂፒኤስ) በስልካችሁ መዝግቡ።

በዚያ ቦታ ሁለቱ ትንንሽ ሞተሮች ነበሩ። የአካባቢው ሰው ብዙውን ቀጭን ብረት ለቤትና ለዕቃ ወስዶታል፤ ከሞተሮቹ በአንዱ ላይ ግን ሰሌዳው ተጣብቆ ነበር። ቁጥሩን ፎቶ አንሥቼ ለሻምበል ባሻ ላክሁ። ያ ከጥቂት ቀን በፊት በራሳቸው እጅ የለወጡት ሞተር ነበር፤ ቁጥሩንም ያኔ በያዙት የሥራ ማስታወሻ ላይ አገኙት። ሁለተኛው ጥያቄ አጎቴ ዘልሎ ወጥቶ እንደሆነ ነበር። አብራሪው ሲዘል መጀመሪያ የመስታወት ክዳኑ ተነቅሎ ይሄዳል፤ ቀጥሎ መቀመጫው ይተኮሳል፤ ስለዚህ ሁለቱ ከስብርባሪው ርቀው ይገኛሉ። በዚህ ቦታ የክዳኑ ፍሬምና የመቀመጫው ሐዲድ ከአፍንጫው ክፍል ጋር ተጨማድደው አንድ ላይ ነበሩ። አጎቴ ከአውሮፕላኑ አልወጣም። ሞቃዲሾ ታስሯል የተባለው፣ ኬንያ ገብቷል የተባለው፣ ላም የተሸጠለት መልእክት ሁሉ በዚያች ቅጽበት አከተመ።

የቀብሩን ነገር የነገሩን አንድ የሶማሌ ሽማግሌ ናቸው፤ ያኔ ልጅ ሆነው ግመል ይጠብቁ ነበር። አውሮፕላኑ ሲወድቅ አይተዋል፤ ወታደሮች መጥተው ብረቱን ፈትሸው ሄዱ። በማግሥቱ የሽማግሌው አባትና ጎረቤቶቻቸው ከስብርባሪው ውስጥ የተረፈውን አካል ሰብስበው ከአንድ ግራር ሥር ቀበሩት፤ በላዩም ድንጋይ ከመሩበት። «የማንም ልጅ ይሁን ሬሳ ሜዳ ላይ አይተውም» ነው ያሉኝ በአስተርጓሚው በኩል። ድንጋዩ ዛሬም አለ። እኔ የጠየቅሁት ጥያቄ አልነበረም፤ ሳልጠይቅ ተቀምጠው እንዲያወሩ ነው የተውኳቸው፤ የሁለት ሞተሮቹን ነገርና አውሮፕላኑ የመጣበትን አቅጣጫም ራሳቸው ነበሩ ያነሡት። አመሰገንኳቸው፤ እናቴም ከባሕር ዳር በስልክ መረቀቻቸው።

አጽሙን ለማንሣት የሚቸኩል ቤተሰብ እንዳለ አውቃለሁ። እባካችሁ በገዛ እጃችሁ አትቆፍሩ። መቃብሩ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ያለ ባለሙያ የተነሣ አጽም ደግሞ ማንነቱ ሊለይ የሚችልበት ማስረጃ ይጠፋበታል። እኛ የቦታውን ፎቶ፣ መጋጠሚያውንና የምስክሮቹን ቃል አያይዘን ለሚመለከታቸው አካላትና ለቀይ መስቀል አስገብተናል፤ ሒደቱ ገና አላለቀም። በመካከሉ ግን መርዶው መነገር ነበረበት። እናቴ አስቀድማ ታውቀው የነበረ ቢሆንም በወጉ እንዲሆን ፈለግሁ፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎችና የነፍስ አባቷ ማልደው መጥተው ነገሯት። ልብሱንና ፎቶውን ይዘው ለቅሶ ተቀመጡ፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ፍታት ተፈታ፤ ተዝካሩም ወጣ። እናቴ ለብዙ ዓመት ያጣችውን እንቅልፍ ያገኘችው ከዚያ በኋላ ነው፤ ይህን የምለው ራሷ ስለነገረችኝ ነው።

በሕግ በኩል ያለውን ለሚጠይቁ፦ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 154 መሠረት አንድ ሰው ጠፍቶ ወሬው ለ2 ዓመት ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ማንኛውም ሰው መጥፋቱ እንዲወሰን ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ብዙ ቤተሰቦች «ማመልከት መግደል ነው» ብለው ይህን ይፈሩታል፤ በዚህ መካከል ቤትና መሬት በጠፋው ሰው ስም ታስሮ ይቀራል፣ ልጆችም የሚገባቸውን ሳያገኙ ያድጋሉ። ውሳኔው ፍለጋውን አያስቆምም። አካልና ቀብር ከታወቀ በኋላ ደግሞ ማስረጃውን ይዞ የሞት ውሳኔ መጠየቅ ይቻላል።

ሰነዶቻችሁን በአንድ ሰው እጅ ብቻ አታኑሩ። የእኛ ማኅደር የመጀመሪያውን ደብዳቤ፣ የቀይ መስቀሉን መልስ፣ የሻምበል ባሻን ቃል በድምፅና በጽሑፍ፣ የሁለቱንም ስብርባሪዎች ፎቶና የሽማግሌውን ምስክርነት ይዟል፤ አንዱ ቅጂ እናቴ ዘንድ፣ ሌላው አዲስ አበባ እኅቴ ዘንድ፣ ሦስተኛው እኔ ዘንድ ነው። የምስክርን ድምፅ ስትቀዱ መጀመሪያ ፈቃዱን ጠይቁ፤ ቀጥሎ ስሙን፣ የነበረበትን ክፍልና የቀረጻውን ቀን በራሱ አንደበት ያስቀምጥ። ሻምበል ባሻ ቃላቸውን ከሰጡኝ ብዙም ሳይቆዩ አርፈዋል። በዚያው ስኳድሮን ያገለገሉ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሌሎች የምድር ሠራተኞች ግን ዛሬም በሕይወት አሉ፤ በየካቲት 26ቱ መታሰቢያ ላይ ይገኛሉ፤ የሌሎች አውሮፕላኖችን የጅራት ቁጥርም በቃላቸው ያስታውሳሉ። የጠፋ አብራሪ ያለው ቤተሰብ በሚቀጥለው የካቲት ወረቀትና የድምፅ መቅጃ ይዞ ወደ እነሱ ይሂድ።